የጠላት አጽም ሲገኝ ምን ይደረግ?

ጎንደር፣ ቁልቋል በር አካባቢ ለቤት መሠረት ስትቆፍሩ አጽም ብታገኙ መጀመሪያ ዶማውን አቁሙ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚያ በተደረገው ውጊያ ጣሊያንም የእኛም ሰው ወድቋል፤ አጥንት ደግሞ ዜግነቱን አይናገርም። አጠገቡ ዝገት የበላው ቦምብ ካለ አትንኩት። ለቀበሌና ለፖሊስ ንገሩ። ቲክቶክ ላይ መልቀቅማ ነውር ነው!

አንገቱ ላይ የወታደር ማንነት የሚጻፍባት የብረት መለያ ካለች ኪስ እንዳትገባ። በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት መሠረት ድርብ ከሆነች ግማሿ፣ ነጠላ ከሆነች ራሷ ከሬሳው ጋር ትቀራለች። እሷ ከጠፋች ሟቹ ስም የለውም፣ ዘመዶቹም እርማቸውን አያወጡም።

መንግሥትስ? ከተቻለ ለየብቻ፣ በሟቹ ሃይማኖት ሥርዓት ይቅበር፤ መቃብሩ ላይ ምልክት ያድርግ፣ ዝርዝሩን ለአገሩ ይላክ። «ለማስታወሻ» ብሎ ቁራጭ ማስቀረት የለም። የቋራው ካሳን፣ አፄ ቴዎድሮስን፣ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ቀበሯቸው፤ ግን ጸጉራቸው ተቆርጦ ለንደን ሙዚየም ገባና የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። የአፄ ዮሐንስን ራስ ደግሞ ደርቡሾች ቆርጠው ሱዳን፣ ኦምዱርማን ወሰዱት። እስካሁን ይቆጨናል አይደል?

እና አደራ፣ አጽሙን በማዳበሪያ ከረጢት እንዳትጠቀልሉት። ነጭ አቡጀዲ ይበቃል።