ኬሞ (የካንሰር መድሃኒት) ላይ ያለ ልጅ እግሩ ሲከዳው ቤት ውስጥ ምን እናድርግ

ለደም ካንሰር ልጆች ቪንክሪስቲን የሚባል መድሃኒት በብዛት ይሰጣል፣ እሱ ደግሞ ነርቭ ይነካል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ልጅ ሳያይ እግሩ ወይ እጁ የት እንዳለ ማወቅ ያቅተዋል፣ ይደናቀፋል፣ የጫማውን ጫፍ መሬት ለመሬት ይጎትታል። ስንፍና አይደለም፣ እባካችሁ እንዳትቆጡት!

መጀመሪያ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ፊዚዮቴራፒም ጠይቁ፣ መድሃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ከዛ ቤት ውስጥ ልምምዱ በጨዋታ ነው። ታጥቦ የደረቀ ሽምብራ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና ማንኪያ ደብቁበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ዳብሶ ያውጣ (ትንንሾቹ ሽምብራውን አፋቸው እንዳይከቱ አጠገባቸው ሁኑ)። ወይ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍን፣ አንድ እጁን ከፍ አድርጋችሁ ያዙለትና "ሌላኛውን እንደዚህ አድርገው" በሉት፣ ካልተስተካከለ ዓይኑን ገልጦ ራሱ ይየው። መቆም ከቻለ ግድግዳ ይዞ ባንድ እግሩ ይቁም፣ እናንተ ከኋላው፣ ከደከመው ወዲያው ተዉት።

ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ዝቅ ባለ ሰሞን ዝላይ የለም።

ሸበጥ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ስኒከር ይሻላል። ማታ ሽንት ቤት ሲሄድ መብራት አብሩለት፣ እግሩ ያልነገረውን ዓይኑ ነው የሚነግረው።