ጭማሪና ቅናሽን በመቶኛ እንዴት እናሰላለን? «ከምን ላይ?» ከሚለው ጥያቄ እንጀምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት ሥራ ቀዘቀዘበትና የሁላችንንም ደመወዝ 20 በመቶ ቀነሰ። ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተስተካከለ። ስብሰባ ተጠራን። «የቀነስነውን 20 በመቶ መልሰን ጨምረናል» ተባልን። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ወሩ መጨረሻ ላይ የገባልኝን ገንዘብ ሳይ ግን ከድሮው ያንሳል።

አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ቁራጭ ወረቀት ሳበችና «ደመወዝህ 10,000 ነበር እንበል» ብላ ሦስት ቁጥሮችን ከላይ ወደ ታች ጻፈች። 10,000። 8,000። 9,600። «ሲቀንሱም 20፣ ሲጨምሩም 20። ታዲያ እንዴት ጎደለ?» አልኳት። እስክሪብቶዋን 8,000 ላይ አሳርፋ «20 በመቶው ከምን ላይ ነው?» አለችኝ።

ሲቀንሱ የ10,000 ሃያ በመቶ ነው፤ 2,000 ማለት ነው። ሲጨምሩ ግን የ8,000 ሃያ በመቶ ነው፤ 1,600 ብቻ። 400 መሀል ላይ ቀረ። ማንም ሆን ብሎ የዋሸ አልነበረም። ቁጥሩ ያው 20 ነው፤ የተሰላበት መነሻ ግን ተቀይሯል።

ከዚያ ወዲህ «በመቶ» የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር ያቺን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ሰው የሚሳሳተው ማባዛትና ማካፈል ላይ አይደለም፤ ለእሱ ስልኩ አለለት። የሚሳሳተው ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚያሰላ ሳያጣራ ሲጀምር ነው።

መሠረታዊው ስሌት

በመቶ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚለው ከመቶው ስንት ማለት ነው። 25 በመቶ ከመቶው 25 ነው። በአስርዮሽ ሲጻፍ 0.25 ይሆናል፤ በተለምዶ ደግሞ ሩብ እንለዋለን። አንድ ነገር ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ለማወቅ እንዲህ አድርጉ፦

1. የቀድሞውን ቁጥር ለዩ። መነሻ የምንለው እሱን ነው።
2. በአዲሱና በቀድሞው መካከል ያለውን ልዩነት አውጡ።
3. ልዩነቱን ለመነሻው አካፍሉ።
4. ያገኛችሁትን በ100 አባዙ።

ኪራይ ከ6,000 ወደ 7,500 አደገ እንበል። ልዩነቱ 1,500 ነው። 1,500 ÷ 6,000 = 0.25። በ100 ሲባዛ 25 በመቶ ጭማሪ ይሆናል።

አሁን ገልብጡት። ኪራዩ ከ7,500 ወደ 6,000 ወረደ። ልዩነቱ አሁንም 1,500 ነው። መነሻው ግን 7,500 ሆኗል። 1,500 ÷ 7,500 = 0.20፣ ማለትም 20 በመቶ ቅናሽ። ያው መንገድ ሲወጡት 25፣ ሲወርዱት 20 ሆነ።

ብዙ ሰው «ሁልጊዜ ለትንሹ ቁጥር ነው የሚካፈለው» ወይም «ለትልቁ ነው» ብሎ ይይዛል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የሚካፈለው በፊት ለነበረው ቁጥር ነው፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ። ክብደታችሁ ከ80 ኪሎ ወደ 74 ከወረደ 6ን የምታካፍሉት ለ80 ነው። 7.5 በመቶ ቀንሳችኋል።

በአንድ ማባዛት መጨረስ

መቶኛው ታውቆ አዲሱን ቁጥር ስንፈልግ ብዙዎቻችን በሁለት ደረጃ እንሠራለን፤ መጀመሪያ የጭማሪውን መጠን እናወጣለን፣ ከዚያ እንደምራለን። ስህተት የለውም። ግን አጭር መንገድ አለ፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ ስለሚጠቅም በደንብ ያዙት።

15 በመቶ ሲጨመር ዋናው 100 በመቶ እንዳለ ሆኖ 15 ይታከልበታል፤ ድምሩ 115 በመቶ። ስለዚህ መነሻውን በ1.15 ማባዛት ብቻ ነው። 15 በመቶ ሲቀነስ ደግሞ የሚቀረው 85 በመቶ ነው፤ በ0.85 አባዙ። የ2,400 ክፍያ 15 በመቶ ቢጨምር 2,400 × 1.15 = 2,760። ቢቀንስ 2,400 × 0.85 = 2,040።

እዚህ ላይ የምታጋጥም አንዲት ወጥመድ አለች። 6 በመቶ ጭማሪ 1.6 አይደለም፤ 1.06 ነው። 1.6 ማለት 60 በመቶ ጭማሪ ነው። ከአሥር በታች ላለ መቶኛ ዜሮዋን አትርሱ።

ስልክ ሳታወጡ ለመገመት ደግሞ ከ10 በመቶ ተነሱ። የ840 አሥር በመቶ 84 ነው፤ ነጥቡን አንድ ቤት ወደ ግራ መውሰድ ብቻ ነው። ግማሹ፣ 42፣ አምስት በመቶው ነው። ሁለቱ ሲደመሩ፣ 126፣ አሥራ አምስት በመቶው ይሆናል። እኔ በጣም የምወዳት ሌላም ዘዴ አለች፤ ቁጥሮቹን ማለዋወጥ ይቻላል። የ75 አራት በመቶ ስንት ነው ስትባሉ ከበዳችሁ? የ4 ሰባ አምስት በመቶ በሉት። 3 ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው።

ቅናሽ በቅናሽ ላይ

«20 በመቶ ቅናሽ፣ በዚያ ላይ ተጨማሪ 10 በመቶ» የሚል ማስታወቂያ ስናይ አእምሯችን ወዲያው 30 ይላል። እስቲ «ከምን ላይ?» እንበለው። የመጀመሪያው 20 በመቶ ከሙሉው ዋጋ ላይ ነው። ሁለተኛው 10 ግን ከተቀነሰው ላይ ነው። ዋጋው 1,000 ከነበረ መጀመሪያ 800 ይሆናል፤ ከዚያ የ800 አሥር በመቶ፣ 80፣ ተነስቶ 720 ይቀራል። አጠቃላይ ቅናሹ 28 በመቶ ነው።

በአጭሩ መንገድ 0.8 × 0.9 = 0.72 ነው፤ የሚቀረው 72 በመቶ፣ የቀነሰው 28። መቶኛዎች ሲደራረቡ አይደመሩም፣ ይባዛሉ። የትኛው ቅናሽ ይቅደም የሚለው ለውጥ አያመጣም፤ 0.9 × 0.8ም ያው 0.72 ነው።

ወደ ላይም እንደዚሁ ነው። በየዓመቱ 10 በመቶ የሚጨምር ክፍያ በሦስት ዓመት 30 በመቶ ብቻ አያድግም። 1.1 × 1.1 × 1.1 = 1.331፣ ማለትም 33.1 በመቶ። ለረጅም ጊዜ ውል ስትፈርሙ ይህን አስቀድማችሁ አስሉት፤ በአሥር ዓመት ክፍያው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይደርሳል።

የወረደውን ለመመለስ

የደመወዛችን ነገር እዚህ ይገባል። 0.8 × 1.2 = 0.96። 4 በመቶ የጎደለው ለዚህ ነው። ወደ ቀድሞው ለመመለስ ስንት በመቶ መጨመር ነበረበት? መነሻው አሁን 8,000 ነው፣ የጎደለው 2,000። 2,000 ÷ 8,000 = 0.25። 25 በመቶ ያስፈልግ ነበር። ባልደረባዬ ያንኑ ስሌት አራት መስመር ላይ አስፍራ ለሒሳብ ክፍል አስገባች። «20 መልሰናል» ከማለት ይልቅ «ወደ ቀድሞው ደመወዝ መልሰናል» ቢባል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጉዳቱ እየከፋ ሲሄድ መመለሻው ምን ያህል እንደሚርቅ ልብ በሉ። 10 በመቶ የጠፋበት ሰው ለመመለስ 11.1 በመቶ ገደማ ማግኘት አለበት። 50 በመቶ የጠፋበት 100 በመቶ፣ ማለትም ያለውን እጥፍ ማድረግ ይጠበቅበታል። 75 በመቶ የጠፋበት 300 በመቶ፣ 90 በመቶ የጠፋበት ደግሞ 900 በመቶ። ቁጠባውን የሆነ ነገር ላይ ለማዋል የሚያስብ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። «ዘንድሮ 50 ወረደ፣ ለከርሞ 50 ይወጣል» የሚል ማጽናኛ ሩቡን ያህል ገንዘብ ይደብቃል፤ 0.5 × 1.5 = 0.75።

ከቅናሹ በኋላ ካለው ወደ መጀመሪያው መመለስ

አንድ ዕቃ በ30 በመቶ ቅናሽ 560 ተብሎ ተለጥፏል። ቀድሞ ስንት ነበር? ቶሎ የሚመጣልን 560 ላይ 30 በመቶ መጨመር ነው፤ 728 ይሰጠናል። ስህተት ነው። 30 በመቶው የተቀነሰው ከ560 ላይ አልነበረም፤ ከማናውቀው ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው። 560 የሚወክለው የዚያን ዋጋ 70 በመቶ ስለሆነ 560 ÷ 0.7 = 800 ነው። ልክነቱን ለማረጋገጥ 800 × 0.7 ብላችሁ 560 መምጣቱን እዩ።

ታክስ የተካተተበት ሒሳብም እንዲሁ ነው። 15 በመቶ ታክስ ተጨምሮበት 1,150 ከሆነ፣ 1,150 ÷ 1.15 = 1,000 ዋናው ዋጋ ነው። ከ1,150 ላይ 15 በመቶ የሚቀንስ ሰው 977.50 ያገኝና 22.50 የት እንደገባ ሲፈልግ ይውላል።

መቶኛና የመቶኛ ነጥብ

የስልካችሁ ባትሪ ከ80 በመቶ ወደ 60 ወረደ። 20 በመቶ ቀነሰ ማለት ይቻላል? በአፍ እንለዋለን። በትክክል ሲነገር ግን የቀነሰው 20 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ የመቶኛ ነጥብ የምንለው አንዱን መቶኛ ከሌላው ስንቀንስ የሚመጣውን ልዩነት ነው። ከነበረው ቻርጅ አንጻር ካየነው 20 ÷ 80፣ ማለትም 25 በመቶው አልቋል።

ባትሪ ላይ ለውጥ የለውም። ወለድ ላይ ግን አለው። የብድር ወለድ ከ8 በመቶ ወደ 10 በመቶ ሲወጣ «ወለዱ 2 ብቻ ጨመረ» ሊባል ይችላል። ሁለት የመቶኛ ነጥብ ነው። የምትከፍሉት ወለድ ግን በ25 በመቶ አድጓል፤ 2 ÷ 8። ሁለቱም እውነት ናቸው። ኪሳችሁን የሚነካው ሁለተኛው ነው።

ትንሽ መነሻ፣ ትልቅ ድንጋጤ

በ1995 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነትን የሚከታተለው ኮሚቴ አዲሶቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚያሳድጉ አስጠነቀቀ። እጥፍ ማለት 100 በመቶ ጭማሪ ነው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። ቁጥሩ ሲፈታ ግን አደጋው ከ7,000 ሴቶች ከአንዷ ወደ ሁለት ነበር ከፍ ያለው። ያልታሰበ እርግዝናና ውርጃ በቀጣዩ ዓመት ጨመረ፤ እርግዝና ራሱ ደግሞ ከእንክብሉ የበለጠ ደም የማርጋት አደጋ አለው። መቶኛው ውሸት አልነበረም፤ መነሻው ሳይነገር ብቻውን በመሄዱ ነው ያን ያህል ጉዳት ያደረሰው። ስለ ጤና «በዚህን ያህል በመቶ ጨመረ» የሚል ዜና ስትሰሙ ከስንት ሰው ስንቱ ወደ ስንቱ እንደሆነ ፈልጉ።

ሦስት ትንንሽ ነገሮች ይቀራሉ። 100 በመቶ ጭማሪ እጥፍ ነው፤ 200 በመቶ ጭማሪ ግን ሦስት እጥፍ ነው፣ ሁለት አይደለም። እንደ ዋጋ ወይም ክብደት ከዜሮ በታች የማይወርድ ነገር ከ100 በመቶ በላይ ሊቀንስ አይችልም። መነሻው ዜሮ ከሆነ ደግሞ በመቶኛ መናገር አይቻልም፤ ለዜሮ ማካፈል የለም። ከ0 ወደ 40 ያደገን ነገር በቃ «ከ0 ወደ 40» በሉት።

በስልካችሁ ካልኩሌተር ላይ የ% ምልክቱን የምትጠቀሙ ከሆነ አንዴ ሞክሩት። 200 + 10% ጻፉ። ብዙዎቹ 220 ይላሉ። 200.1 ካላችሁ ግን የእናንተው 10 በመቶን ከ200 ላይ ሳይሆን ለብቻው 0.1 አድርጎ ነው የሚወስደው። እንደዚያ ከሆነ ምልክቱን ተዉትና 200 × 1.1 ብላችሁ ሥሩ።