ኮራል የሚያድግበት የባሕር ውሃ ገንዳ በቤት ውስጥ

ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ኮራል በአብዛኛው የሚሞተው ውሃው ሲዋዥቅበት ነው። አልካላይኒቲው (ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን፣ መለኪያው ዲኬኤች ይባላል) ለወራት 7.5 ሆኖ በቆየ ገንዳ ኮራል ያድጋል፤ 9 ሆኖ በቆየውም ያድጋል። ሰኞ 9፣ ሐሙስ 7፣ እሑድ ተመልሶ 9 በሚሆንበት ገንዳ ግን ሥጋው ከአጽሙ ላይ እየተላጠ ይረግፋል። ጨውና ሙቀትም ላይ ያው ነው። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙም ሆነ ውሃ ስታዘጋጁ፣ መጀመሪያ ይህ ነገር ውሃውን ያረጋጋዋል ወይስ ያናውጠዋል ብላችሁ ጠይቁ።

ገንዳውና ዕቃው

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ምረጡ። ብዙ ሰው ትንሹ ይቀላል ብሎ በ40 ሊትር ይጀምራል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንዲት ድንጋይ ሥር የሞተች ቀንድ አውጣ 40 ሊትሩን ልትበክለው ትችላለች፤ በ200 ሊትር ውስጥ ግን ሳትታወቅ ታልፋለች። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ ለ200 ሊትር ነው። ይህን ያህል ውሃ ከመስታወቱ፣ ከድንጋዩና ከማስቀመጫው ጋር 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና ማስቀመጫው ጠንካራ ይሁን፤ ከመሙላታችሁ በፊትም በውሃ ልክ አስተካክሉት። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ከሚያርፍበት መስኮትም አርቁት።

ከዋናው ገንዳ ሥር ሳምፕ የሚባል ሁለተኛ ገንዳ ቢኖር ማሞቂያውና ፕሮቲን ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ) እዚያ ይገባሉ፣ ጠቅላላው ውሃም ይጨምራል። አደጋው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ውሃውን ከሳምፑ ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕ ሲቆም ከላይ ያለው ውሃ በመመለሻው ቱቦ ወደ ታች ይሳባል። እንስሳ ከመግባቱ በፊት ፈትኑት፦ ሁሉም ነገር እየሠራ ሳለ ሶኬቱን ንቀሉና ውሃው መውረዱን እስኪያቆም ቆማችሁ ተመልከቱ። ሳምፑ ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ በሥራ ላይ ሲሆን የሚይዘውን ውሃ ቀንሱ፤ የመመለሻው ቱቦ አፍም ከውሃው ወለል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ይበል። ገመዶች ሁሉ ከሶኬቱ በታች ወርደው ታጥፈው ይውጡ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ማሞቂያ አንድ ባለ 200 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 100 ዋት ግዙ፤ በተለየ የሙቀት መቆጣጠሪያም አሠሯቸው። የማሞቂያ ቴርሞስታት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደበራ ይቀራል። ትልቁ ከሆነ ገንዳውን ሊቀቅል ይችላል፤ አንዱ ትንሽ ብቻውን ግን ያን ያህል ለማሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፣ እናንተም ትደርሱበታላችሁ። ዒላማው ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ነው። ለውሃ እንቅስቃሴ በሰዓት ቢያንስ የገንዳውን 20 እጥፍ፣ ማለትም 4,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሁለት የሞገድ ፓምፖች ፊት ለፊት ሆነው እየተፈራረቁ ቢሠሩ ውሃው የማይደርስበት ጥግ አይኖርም።

ውሃው

የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። ክሎሪን ብቻ ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር፤ ፎስፌት፣ ሲሊኬትና ከቱቦ የሚወጣ መዳብም አለበት፤ መዳብ ደግሞ ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። የሪቨርስ ኦስሞሲስና የዲአዮናይዜሽን ማጣሪያ ያስፈልጋችኋል። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚያሳይ) 0 ማንበብ አለበት። 2 ወይም 3 ማንበብ ከጀመረ በማጣሪያው መጨረሻ ላይ ያለውን ሬዚን ቀይሩ።

የጨው መጠኑ 35 ግራም በኪሎ ይሁን። ብዙዎቹ የባሕር ጨው ውህዶች በሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ራሱ እርጥበት ያዘለ ነው። ለ20 ሊትር 740 ግራም ገደማ መዝናችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በመለኪያ አስተካክሉ። ቅደም ተከተሉን አትሳቱ፦

1. መጀመሪያ ንጹሑን ውሃ ባልዲ ውስጥ ሙሉና ፓምፕና ማሞቂያ አስገቡ።
2. ጨውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ጨዉ ላይ ውሃ ብታፈሱ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ በጠባብ ቦታ ተገናኝተው ነጭ ደለል ይሆናሉ፤ ያ ደለል ተመልሶ አይሟሟም።
3. ድፍርሱ ጠርቶ ሙቀቱ ከገንዳው እኩል እስኪሆን አቆዩ።
4. ጨዉን በሬፍራክቶሜትር (በብርሃን ስብራት ጨው የሚለካ መሣሪያ) ለኩ። መለኪያውን በንጹሕ ውሃ ሳይሆን 35 በሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ በ0 ላይ ትክክል የሆነ መለኪያ 35 ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ገንዳው ከቆመ በኋላ ጨውን የሚያናውጠው ትነት ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። በቀን 3 ሊትር የሚተንበት ገንዳ ለአንድ ሳምንት ሳይሞላ ቢቀር ጨዉ ከ35 ወደ 39 ይወጣል። ስለዚህ የተነነውን የምትተኩት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው፣ በየቀኑ። አውቶማቲክ መሙያ ከሁሉም ዕቃ ቀድሞ መገዛት ያለበት ነው ብለን እናምናለን፤ ከውዱ መብራት ይቅደም። የመሙያው ማጠራቀሚያ ግን ከ20 ሊትር አይብለጥ። መሙያውን የሚከፍትና የሚዘጋው ተንሳፋፊ ተጣብቆ ማጠራቀሚያው ሙሉ በሙሉ ቢፈስ እንኳ ጨዉ ወደ 32 ገደማ ይወርዳል፤ ዓሣውም ኮራሉም ይህን ሊችሉት ይችላሉ። የ100 ሊትር በርሜል ቢሆን ግን ሁሉም ያልቃል።

ድንጋዩና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ለ200 ሊትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ይበቃል። ድንጋዩን በቀጥታ መስታወቱ ላይ አስቀምጡና አሸዋውን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በዙሪያው አፍስሱ፤ አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ የሚቆፍር ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሲገባ ይናዳል። በድንጋዩና በመስታወቱ መካከል እጃችሁ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፤ አልጌ መፋቅ አይቀርምና።

አሁን ከእንስሳት ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጥ ባክቴሪያ ይብዛ። በጠርሙስ የሚሸጥ ሕያው ባክቴሪያ ጨምሩ፣ ከዚያ አሞኒየም ክሎራይድ አሞኒያው 2 ሚሊ ግራም በሊትር እስኪደርስ ጨምሩ። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። 2 ሚሊ ግራሙን በ24 ሰዓት ውስጥ ጨርሶ አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ሲሆን ገንዳው ተዘጋጅቷል፤ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ መብራቱ ጠፍቶ ይቆይ። ናይትራይት ገና እያለ ናይትሬት አትለኩ፤ ናይትራይቱ ንባቡን ከእውነቱ በላይ ያሳያል።

መብራት ሲበራ ገንዳው ያስጠላል፤ አትደንግጡ። መጀመሪያ አሸዋው ላይ ቡናማ ብናኝ ይታያል። ይህ ዳያተም ነው፤ ሲሊካውን ሲጨርስ ራሱ ይጠፋል። ቀጥሎ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ ይመጣል፤ 10 ያህል ትሮከስ ቀንድ አውጣ አስገቡና በእጃችሁም ንቀሉ። ትሮከስን የምንመርጠው ሲገለበጥ ራሱን ማቅናት ስለሚችል ነው። ቀይ፣ እንደ ቆዳ ተገፍፎ የሚነሣ ንጣፍ ካያችሁ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውሃው በደንብ በማይንቀሳቀስበት ቦታ ይወጣል።

አንዱን ግን ለይታችሁ እወቁ። ድንጋዩ ላይ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ክር ይንጠለጠላል፣ የክሩ ጫፍ ላይ ጥቃቅን የአየር አረፋ ተይዟል፤ ማታ ይሳሳል፣ መብራት በበራ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይመለሳል። ይህ ዳይኖፍላጀሌት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት 0 ሲሆኑ ነው፤ ውሃ አብዝቶ መቀየር ደግሞ ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ናይትሬቱን 5፣ ፎስፌቱን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር አድርሶ ሌሎች ፍጥረታት እንዲሻሙት ማድረግ ነው። ውሃውን ከመጠን በላይ ማጥራት ጉዳት እንዳለው ብዙ ሰው የሚማረው ከዚህ ነው።

ዓሣ

ሁለት ክላውንፊሽ ለመጀመሪያ ጥሩ ናቸው፤ በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉት ምግብ ቶሎ ይለምዳሉ። ሰማያዊ ታንግ ለ200 ሊትር አይሆንም፤ ሲያድግ ብዙ መዋኛ ይፈልጋል። ማንዳሪን የሚባለው ዓሣም ይቆይ፤ ቀኑን ሙሉ ኮፔፖድ (ደቃቅ የባሕር እንስሳ) ለቅሞ ስለሚኖር አዲስ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ይጎዳል። ገንዳውን በመረብ ክዳን ሸፍኑት፤ ዓሣ ይዘላል።

ማንኛውንም ዓሣ በተለየ ገንዳ ቢያንስ 30 ቀን አቆዩ። የጨው እህል የመሰለ ነጭ ነጥብ የሚያወጣው ክሪፕቶካርዮን የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ዋናው ገንዳ ከገባ በኋላ ሊታከም አይችልም፣ የሚገድለው መዳብ ኮራሉንም ስለሚገድል። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ ዓሣዎቹን ሁሉ አውጥቶ ለብቻ ማከምና ዋናውን ገንዳ ለ76 ቀን ያለ ዓሣ ማቆየት ነው።

ኮራል

ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሮቹ ለአንድ ወር ረግተው ይታዩ፦ አልካላይኒቲ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዚየም 1,300 ሚሊ ግራም በሊትር አካባቢ። መጀመሪያ ለስላሳዎቹን ግዙ፦ ዞአንተስ፣ እንጉዳይ ኮራልና ሌዘር ኮራል፤ ከዚያ ድንጋያማ አጽም ያላቸውን ዳንከንና ሀመር። ከድንጋያማዎቹ አስቸጋሪው አክሮፖራ ገንዳው ዓመት ገደማ እስኪሞላው ይጠብቅ። ብርሃኑ በፓር መለኪያ (ለፎቶሲንተሲስ የሚውለውን ብርሃን የሚለካ) ለለስላሳዎቹ ከ50 እስከ 100፣ ለሀመር ዓይነቶቹ ከ75 እስከ 150፣ ለአክሮፖራ ከ200 በላይ ነው። አዲስ ኮራል አሸዋው ላይ አስቀምጡትና በሁለትና ሦስት ሳምንት ወደ ቦታው ከፍ አድርጉት። ብርሃን ሲበዛበት ሥጋው ውስጥ የሚኖረውን አልጌ ያስወጣና ይነጣል፤ ሲያንሰው ይጠቁራል። ሀመር በሌሊት መናደፊያውን ዘርግቶ ጎረቤቱን ያቃጥላልና ዙሪያውን 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉለት።

ዞአንተስና ዘመዱ ፓሊቶዋ ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ስትቆርጡ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። ያሉበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፤ እንፋሎቱ የቤቱን ሰው ሁሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ድንጋያማዎቹ ኮራሎች ሲያድጉ አልካላይኒቲና ካልሲየም ይበላሉ። ምን ያህል እንደሚበሉ ለማወቅ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። ሰኞ 8.5፣ ሐሙስ 7.6 ከሆነ በ3 ቀን 0.9፣ በቀን 0.3 ዲኬኤች ማለት ነው። 3 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት 100 ሊትርን በ1 ዲኬኤች ከፍ ያደርጋል። ድንጋዩ የያዘውን ቦታ ቀንሳችሁ 180 ሊትር ውሃ ካላችሁ የቀኑ መጠን 1.6 ግራም ገደማ ነው። ካልሲየሙ ለእያንዳንዱ 1 ዲኬኤች 7 ሚሊ ግራም በሊትር ያህል አብሮ ይወርዳል፤ ለዚህ በቀን 1.4 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ይበቃል። ባይካርቦኔት ስትገዙ ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ይሁን፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለየብቻ በንጹሕ ውሃ አሟሙና አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ውሃው በሚፈጥንበት ቦታ ጨምሩ። ባንድ ጊዜ ቢገናኙ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ማሞቂያውና ፓምፑም ነጭ ቅርፊት ያበጃሉ። ወርዶ ያገኛችሁትን አልካላይኒቲ ስትመልሱም በቀን ከ1 ዲኬኤች አትለፉ። ማግኒዚየሙ ከ1,200 በታች ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፤ አለዚያ የጨመራችሁት እየደለለ ቁጥሩ አልቆም ይላል።

ውሃውን በየሳምንቱ 10 በመቶ ቀይሩ። ለመብራት መጥፋት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ፤ ከቅዝቃዜው ይልቅ ዓሣውን ቀድሞ የሚገድለው የኦክስጅን እጥረት ነው።

ኮራል ተኮማትሮ ሳይከፈት ከዋለ መጀመሪያ ጨውን፣ ቀጥሎ ሙቀቱን፣ ከዚያ አልካላይኒቲውን ለኩና ባለፈው ሳምንት ለክታችሁ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካገኛችሁ በቀስታ መልሱት። ሁሉም ካልተለወጠ ማታ በእጅ ባትሪ ሥሩን እዩ፤ የሚነክሰው ትል ወይም የሚያስቸግረው ሸርጣን ሊኖር ይችላል። ይህም ከሌለ ኮራሉን ካለበት አታንሡት፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተዉት።