ኢሜይልን በራስዎ እጅ እንዴት ይከፍታሉ፣ እንዴትስ ደብዳቤ ይልኩበታል

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በአንድ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት ለዓመታት ስሠራ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ደጋግሞ የሚጎዳ አንድ ልማድ አይቻለሁ። አመልካቹ የሥራ ማስታወቂያ አንብቦ ይመጣና «ኢሜይል ክፈቱልኝ» ይላል፤ ሠራተኛው በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉንም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል። ከወራት በኋላ ለፈተና የሚጠራው ደብዳቤ ሲላክ ወረቀቱ ጠፍቷል፣ ሠራተኛውም ሥራ ቀይሯል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ፣ ጊዜ ቢወስድብዎትም እንኳ፣ በራስዎ እጅ እንዲሠሩት አደራ እላለሁ።

ኢሜይል በኢንተርኔት የሚላክ ደብዳቤ ነው። ተቀባዩ በዚያች ደቂቃ ስልኩን መክፈት አይጠበቅበትም፤ መልእክቱ ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይቆየዋል። አድራሻው በ@ ምልክት ለሁለት ይከፈላል፤ ከምልክቱ በፊት የእርስዎ መጠሪያ፣ ከኋላው ደግሞ የአገልግሎት ሰጪው ስም ይገኛል። ምልክቷን ለዚህ ሥራ የመረጣት አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን ሲሆን፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1971 ነበር።

የጉግል ኩባንያ የኢሜይል አገልግሎት የሆነውን ጂሜይልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አካውንት ሲከፍቱ መጀመሪያ ስም ይጠየቃሉ፤ «ፈርስት ኔም» በሚለው ሳጥን የራስዎን ስም፣ «ላስት ኔም» በሚለው የአባትዎን ስም ያስገቡ፤ የፊደል አጻጻፉም በትምህርት ማስረጃዎ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ቀጥሎ የሚመጣው የልደት ቀን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ምክንያቱም የሚጠየቀው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። መጋቢት 10 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ማርች 19 ቀን 2000 ብሎ መሙላት ሲገባው 1992ን እንዳለ ቢጽፍ፣ በአካውንቱ ላይ ስምንት ዓመት ያህል ይጨመርበታል፤ ከፓስፖርቱም ጋር አይገጥምም። አድራሻዎን ሲመርጡ ቅጽል ስም ይተዉና በስምዎና በአባትዎ ስም ይሥሩት፤ በሌላ ሰው ከተያዘ አንድ ሁለት ቁጥር ቢጨምሩበት ይበቃል።

የይለፍ ቃሉ ከስምንት ፊደልና ቁጥር ማነስ የለበትም። እኔ የምመክረው እርስዎ ብቻ የሚያስታውሷቸውን ሦስት አራት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ማያያዝ ነው፤ ስልክ ቁጥርና የትውልድ ዘመን ግን በቀላሉ ይገመታሉ። የይለፍ ቃሉ ቢጠፋብዎት አካውንቱን ለመልሶ ማግኛ የሚመዘገበው ስልክ በእጅዎ ያለ፣ የራስዎ ሲም ካርድ ይሁን፤ ቁጥር በቀየሩ ጊዜም አካውንቱ ላይ ወዲያው ይቀይሩት። በአጭር መልእክት የሚደርስዎትን ኮድ ለማንም አይንገሩ።

ደብዳቤ ለመጻፍ «ኮምፖዝ» የሚለውን ይጫኑ። «ቱ» በሚለው ቦታ የተቀባዩ አድራሻ ይገባል፤ ሆኖም እሱን መጨረሻ ላይ ቢጽፉት ይሻላል፤ ያላለቀ ደብዳቤ በስህተት አያመልጥዎትም። «ሰብጀክት» የጉዳዩ ርዕስ ነው። ባዶ መተው ወይም «ሰላም» ብሎ ማለፍ ደብዳቤውን ከብዙዎች መካከል ያስቀረዋል፤ «ለሂሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ የቀረበ ማመልከቻ» ቢሉ ግን አንባቢው ሳይከፍተው ጉዳዩን ያውቀዋል። ዋናው ጽሑፍ በሰላምታ ተጀምሮ፣ የሚፈልጉትን በአጭሩ ገልጾ፣ በሙሉ ስምና በስልክ ቁጥር ይዘጋ።

ማስረጃ ለማያያዝ የወረቀት መያዣ ሽቦ የምትመስለውን ምልክት ይነካሉ። ዲግሪያቸውን አልጋ ላይ ዘርግተው በስልክ ያነሡ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ በፎቶው ዳር የብርድ ልብሱ አበባ ይታያል፣ ማህተሙ ላይ ደግሞ የእጅ ጥላ አርፎበታል። እንዲህ ያለውን ከመላክ በፎቶ ኮፒ ቤት ስካን አስደርጎ በፒዲኤፍ (ገጹን እንዳለ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ማያያዝ ለማስረጃው ክብር ይሰጠዋል። በጂሜይል በአንድ ደብዳቤ የሚያያዘው ከ25 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም።

«ሴንድ» ከማለትዎ በፊት አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብቡ። ከላኩ በኋላ ስህተት ቢታይዎት «አንዱ» (Undo፣ የተደረገውን መልስ ማለት ነው) የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ለጥቂት ሰከንዶች ብቅ ስለሚል እሱን ነክተው መመለስ ይችላሉ፤ ጊዜው በሴቲንግ ውስጥ እስከ 30 ሰከንድ ይራዘማል። የሚጠብቁት መልስ ኢንቦክስ ውስጥ ከሌለ አጠራጣሪ ደብዳቤዎች የሚገቡበትን «ስፓም» የተባለውን ክፍል ይፈትሹ፤ እዚያ የገባ ደብዳቤ ከ30 ቀን በኋላ በራሱ ይሰረዛል።

በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ከተጠቀሙ ገጹን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ በቀኝ በኩል ከላይ ያለችውን ክብ ምስል ነክተው «ሳይን አውት» ይበሉ። ረስተው ቤትዎ ከገቡም አልረፈደም፤ በስልክዎ የጉግል አካውንትዎን ከፍተው «ሴኩሪቲ» በሚለው ውስጥ አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ያገኛሉ፤ ያንን ኮምፒውተር መርጠው ከዚያው ያስወጡታል።