የኡቡንቱ አፕግሬድ መሃል ላይ ሲቆም ነገሩን የሚያባብሱ ስህተቶች

ኡቡንቱ የሚባለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ከ22.04 ወደ 24.04 እትም እያሳደጋችሁ (አፕግሬድ እያደረጋችሁ) ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ፣ ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ አልጠፋም። ጅምር ሆኖ ነው የቀረው። የተወሰኑት ፓኬጆች (ሲስተሙ የተሠራባቸው የሶፍትዌር ጥቅሎች) አዲስ ሆነዋል፣ የተወሰኑት እንደ ድሮው ናቸው፣ የቀሩት ደግሞ ፋይሎቻቸው ዲስክ ላይ ሰፍረው ገና አልተዋቀሩም። ይሄ ይጠገናል። ኮምፒውተሩን በትክክል የሚያበላሸው ከዚያ በኋላ በድንጋጤ የሚሠራው ነው።

ቆሟል ብሎ ማጥፋት

የሂደት ማሳያው ለረጅም ጊዜ አልንቀሳቀስ ይላል። ሰው ይሰለችና የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ያጠፋዋል። ፕሮግራሙ ግን መልስ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ በእጅ የተስተካከለ የማዋቀሪያ ፋይል ሲያገኝ «የድሮውን ላቆይ ወይስ በአዲሱ ልተካ?» ብሎ ይጠይቃል። በመስኮት ስታሠሩት አንዳንዱ ጥያቄ የተርሚናሉን ክፍል ካልከፈታችሁ አይታይም። ወይም ደግሞ የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት ፕሮግራም) የማስነሻ ፋይል እየሠራ ነው፤ ይሄ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ይጎተታል። ከመፍረዳችሁ በፊት ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን አብራችሁ ተጫኑ፣ በሌላ ተርሚናል ግቡና በ‹ቶፕ› ትእዛዝ የሚሠራ ነገር መኖር አለመኖሩን እዩ።

መብራት ሄዶ ቢጠፋስ? የነበረበት ደረጃ ይወስነዋል። ገና እያወረደ ከነበረ የተጫኑት ፓኬጆች አልተነኩም። የሶርስ ዝርዝሩ (ፓኬጆች ከየት እንደሚወርዱ የሚናገረው ፋይል) ግን ወደ አዲሱ እትም ስም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ። እየጫነ ሳለ ከጠፋ፣ ሲነሳ የመጀመሪያው ሥራ ዲፒኬጂን (ፓኬጆችን የሚጭነውን ፕሮግራም) ‹ኮንፊገር› በሚለው አማራጭ ከ‹ኤ› ምልክት ጋር ማስኬድ ነው። ጅምሮቹን ተራ በተራ ያዋቅራል። ቀጥሎ አፕት (ፓኬጆችን የሚያወርደውና የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ‹ፊክስ ብሮክን› በሚለው አማራጭ የጎደለውን ያሟላል። ከወደቁት አፕግሬዶች ብዙዎቹ በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች ይነሳሉ።

በኤስኤስኤች (ከርቀት በኔትወርክ በሚገባበት መንገድ) ሰርቨር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ኔትወርክ ቢቋረጥ አትደንግጡ። የኡቡንቱ ማሳደጊያ ‹ስክሪን› በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ስለሚሠራ እናንተ ብትወጡም እሱ ይቀጥላል። በፖርት 1022 ላይም ተጨማሪ ኤስኤስኤች ይከፍትላችኋል። ያንን ፖርት ፋየርዎሉ ላይ አስቀድሞ መክፈት ግን የእናንተ ሥራ ነው። ተመልሳችሁ ስትገቡ አዲስ አፕግሬድ አትጀምሩ። ስክሪንን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ)፣ በ‹አር› ምልክት ጥሩት፤ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ።

ሎክ ፋይሉን መሰረዝ

«ሎኩን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው ፋይሉን በ‹አርኤም› ይሰርዘዋል። እባካችሁ ይሄን ተዉ። ሎኩ የተቀመጠው ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የፓኬጅ መዝገቡን እንዳይጽፉበት ነው። ብዙውን ጊዜ የያዘው የደኅንነት ማሻሻያ በራሱ የሚጭነው የጀርባ አገልግሎት ነው፤ ትንሽ ብትጠብቁ ይለቀዋል። መልእክቱ የሂደቱን ቁጥር ይነግራችኋል። በዚያ ቁጥር ማን እንደያዘው ፈልጉ። መዝገቡ ከተበላሸ በኋላ ያለው ጥገና ከመጠበቁ እጅግ ይከብዳል።

የመጨረሻውን መስመር ብቻ ማንበብ

ሰዎች እርዳታ ሲጠይቁ የሚልኩት ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ዲፒኬጂ የስህተት ኮድ 1 መለሰ» የሚለው መስመር። ያ መስመር አንድ ነገር እንደከሸፈ ብቻ ነው የሚናገረው። ምክንያቱ ከእሱ በላይ፣ አንዳንዴም ብዙ መስመር ወደ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ስህተት ፈልጉ። የቀሩት አብዛኞቹ እሷን ተከትለው የመጡ ናቸው፤ አንድ ፓኬጅ አልዋቀር ሲል በእሱ ላይ የተደገፉት ሁሉ አብረው ይቆማሉ።

ተርሚናሉ ተዘግቶ ከሆነም መረጃው አለ። ‹ቫር› ውስጥ ‹ሎግ› አለ፤ በእሱ ውስጥ ‹ዲስት-አፕግሬድ› የሚባል ፎልደር ታገኛላችሁ። ‹ሜይን› የሚለው ሎግ ማሳደጊያው ምን እንደወሰነ ይናገራል፤ ‹አፕት› የሚለው ደግሞ የትኛው ፓኬጅ ከየትኛው ጋር እንዳልተስማማ ያሳያል። ሌላ ትእዛዝ ከመሞከራችሁ በፊት ይሄን ፎልደር ፍላሽ ላይ ቅዱት። የሚረዳችሁ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቡት ፓርቲሽን ሲሞላ ከርነል በእጅ መሰረዝ

ዲስኩ ኢንክሪፕት የተደረገ ከሆነ ‹ቡት› ለብቻው ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይሆናል። አሮጌ ከርነሎች እዚያ ይከማቹና አዲሱ ቦታ ያጣል። ቦታውን በ‹ዲኤፍ› እዩ። ዲስኩ ባዶ እየመሰለ ሞልቷል ካላችሁ በ‹አይ› ምልክት ድገሙት፤ ያለቀው የፋይል ቁጥር መመዝገቢያው ሊሆን ይችላል። ማጽዳቱን ለአፕት ‹ኦቶሪሙቭ› ተዉለት። ፋይሎቹን በእጅ ከሰረዛችሁ የፓኬጅ መዝገቡ አሁንም ተጭነዋል ብሎ ያምናል። አሁን የሚሠራውን ከርነል በ‹ዩኔም› እና ‹አር› ምልክት ለዩት፤ እሱን በምንም ምክንያት አትንኩ።

ሳያነቡ ‹ዋይ› ማለት

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አፕት ጥገና ሲጀምር የሚያጠፋቸውን ፓኬጆች ዘርዝሮ ፈቃድ ይጠይቃል። በዝርዝሩ ውስጥ ‹ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ›፣ ‹ኔትወርክ-ማናጀር› ወይም ከርነል ካያችሁ ‹ኤን› (አይሆንም) በሉ። ‹ኔትወርክ-ማናጀር› አንዴ ከጠፋ የጎደለውን የምታወርዱበት መንገድ የለም። አፕት እንዲህ የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ የሚጋጩትን የሚያስታርቅበት ሌላ መንገድ ስላጣ ነው። ግጭቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ ምንጭ ከተጨመሩ ፓኬጆች፣ ማለትም ከፒፒኤዎች ነው። ማሳደጊያው ምንጮቹን ያጠፋቸዋል፤ ከእነሱ የተጫነው ሶፍትዌር ግን ይቀራል። ‹ፒፒኤ-ፐርጅ› ፓኬጁን ወደ ኡቡንቱ እትም ይመልሰዋል። በእጅ የታገዱ ፓኬጆች መኖራቸውንም በ‹አፕት-ማርክ› እና ‹ሾውሆልድ› እዩ።

መዝለልና ማስገደድ

ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መሄድ አይቻልም፤ በ22.04 ማለፍ ግድ ነው። የሶርስ ዝርዝሩን በእጅ ቀይሮ መዝለል አቋራጭ ይመስላል፤ ያ ዝላይ ግን ድጋፍ የለውም። የማሳደጊያውን ትእዛዝ በ‹ዲ› ምልክት ያለጊዜው ማስገደድም እንዲሁ ነው። 24.04.1 በኦገስት 2024 መጨረሻ ወጥቶ ከቀናት በኋላ ገንቢዎቹ ራሳቸው ከ22.04 የሚደረገውን አፕግሬድ ለጊዜው አቁመውት ነበር፤ ማሳደጊያው ላይ ከባድ ስህተት ተገኝቶበት። «አዲስ እትም አልተገኘም» ሲላችሁ አንዳንዴ ምክንያቱ እንዲህ ያለ ነው።

ስክሪኑ ጠቆረ ብሎ ፎርማት ማድረግ

ጥቁር ስክሪን ማለት ፋይላችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። በተለይ የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ፣ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል ስላልተሠራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ በአሮጌ ባዮስ ሺፍትን፣ በዩኢኤፍአይ ደግሞ ኢስኬፕን ተጫኑና የግረብን (የማስነሻ ፕሮግራሙን) ዝርዝር አውጡ። ‹አድቫንስድ› ከሚለው ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። ከተነሳ ድራይቨሩን እንደገና ጫኑ። ካልተነሳ ሪከቨሪ ሞድን ክፈቱ፤ እዚያ የተበላሹ ፓኬጆችን የሚጠግን ‹ዲፒኬጂ› የሚል ምርጫ አለ።

ይሄም እምቢ ካለ የኡቡንቱ ላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ኡቡንቱን የሚያስነሳ ፍላሽ) አስነሱ። ‹ሆም› ፎልደራችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ፎቶና ዶክመንት ከፍታችሁ በትክክል መቀዳታቸውን እዩ። ዲስኩ ኢንክሪፕት ከሆነ ፓስወርዱን ይጠይቃችኋል። እንደ አዲስ ስለመጫን የምታስቡት ከዚህ በኋላ ነው። ስትጭኑም ‹ኢሬዝ ዲስክ› የሚለውን አትምረጡ፤ ፓርቲሽኑን በእጅ በሚያስመርጠው ግቡና የሚፎርማተው የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።