ከልስን በፊት ግድግዳውን ፎቶ አንሱት

ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ልስን ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ግድግዳ ፎቶ አንሱ። ዝም ብላችሁ ሳይሆን ሜትር ዘርግታችሁ። በአንዱ ፎቶ ሜትሩ ከክፍሉ ጥግ፣ በሌላው ከወለሉ ይነሳ። የክፍሉንም ስም በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉበት፤ ያልተለሰነ ግድግዳ ሁሉ በኋላ ሲያዩት አንድ ነው።

ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ድሪል ስታነሱ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ የት እንዳለ ከፎቶው ታነባላችሁ። ቧንቧ ቢያፈስም ግድግዳውን ሙሉ ማፍረስ ቀረ፤ የሚቆፈረው እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን፦ ልስንና ሴራሚክ ውፍረት ስለሚጨምሩ ልኬቱ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ይዛነፋል። ስለዚህ መስመሩ አጠገብ ለመብሳት ፎቶውን አትመኑ። ደግሞ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡት፣ ስልክ ይጠፋል።