አዲስ አለቃ ለሆናችሁ፦ «ችግር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ

አምስት ስድስት ሰው ባለበት ስታርታፕ በቅርቡ ኃላፊ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ሠራተኛችሁን «ሥራ እንዴት ነው? ችግር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ኧረ ምንም ችግር የለም» ነው፤ ሥራው ሳምንት ሙሉ ቆሞም ቢሆን። በተለይ እስከ ትናንት እኩያ ባልደረቦች ከነበራችሁ ይሉኝታው ይብሳል።

ይልቅ በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ለብቻ ቁጭ በሉና ለይታችሁ ጠይቁ፦ «አሁን የማንን መልስ እየጠበቅሽ ነው? እኔ ዛሬ ደውዬ ላስጨርስልሽ የምችለው ነገር አለ?» ያኔ «የዲዛይኑ ፋይል እኮ እስካሁን አልደረሰኝም» የሚለው ይወጣል። ማስታወሻ ያዙ። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ እናንተ ቃል የገባችሁት የት እንደደረሰ ንገሩ። ቡና እየጠጣችሁ ቢሆን ደስ ይላል፣ ግን ቢሮው በሙሉ በሚሰማበት አይሁን።

አዲስ ሰው ከቀጠራችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት። ኢትዮጵያ ውስጥ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ አይችልም። ቅሬታ አጠራቅሞ በ55ኛው ቀን መዘርገፍ ግፍ ነው፤ የጎደለውን 20ኛው ቀን ሳይሞላ በግልጽ ንገሩ።